ከምድር እስከ ፀሐይ፦ ስለ ርቀቱና ስለ ጉዞው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ስለ ሰማይ የሚያወራ ሰው መሆንዎ አንዴ ከታወቀ ጥያቄው አያባራም። ተማሪው ይጠይቃል፣ ጎረቤት ቡና ላይ ይጠይቃል፣ የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ያስቆሙዎታል። በብዛት የሚመጣው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፦ «ፀሐይ ጋ ለመድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» መልሱ ኪሎ ሜትሩን ለፍጥነት አካፍሎ የሚገኝ ይመስላል። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ስለ ሮኬት በሚናገረው ክፍል ላይ በደንብ አስረዳለሁ፤ የቸኮለ ሰው በቀጥታ ወደዚያ ይውረድ። ዓመተ ምሕረቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጆቹን ስጠቀም «እ.ኤ.አ.» ብዬ አመለክታለሁ።

ፀሐይ ከእኛ ስንት ኪሎ ሜትር ትርቃለች?

በአማካይ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር። እቅጩን ለሚፈልግ 149,597,870.7 ኪሎ ሜትር ነው። ይህን ቁጥር ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2012 ወስኖ አጽድቆታል። ስሙም «አስትሮኖሚካል ዩኒት» ይባላል። ሌሎቹ ፕላኔቶች የሚለኩት በእሱ ነው፤ ማርስ ከፀሐይ 1.5 ያህል፣ ጁፒተር ደግሞ 5.2 ያህል ዩኒት ይርቃሉ።

ጨረቃ ከእኛ የምትርቀው 384,400 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ፀሐይ የጨረቃን ርቀት ወደ 390 ጊዜ ያህል ታጥፈዋለች። ሰማይ ላይ ሁለቱ እኩል የሚመስሉት ፀሐይ በስፋት ከጨረቃ 400 እጥፍ ያህል ስለምትበልጥ ነው።

ርቀቱ ዓመቱን ሙሉ አንድ ነው?

አይደለም። ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ትንሽ ሞላላ ነው። ፀሐይ በጣም የምትቀርበን ከገና ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ነው። ያኔ ርቀቱ 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል። በጣም የምትርቀን ደግሞ በሰኔ መጨረሻ ሲሆን 152.1 ሚሊዮን ይደርሳል። ልዩነቱ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ሲሰሙት ብዙ ነው፣ ከጠቅላላው ርቀት አንጻር ግን 3 ከመቶ ብትሆን ነው።

ታዲያ ታኅሣሥ ላይ ቅርብ ከሆነች ጅማ ጠዋት ጠዋት ለምን ይበርዳል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የሚጠይቀው ሰው እያሰበ ነው። በታኅሣሥ ከፀሐይ የሚደርሰን ኃይል ከሰኔው በ7 ከመቶ ያህል ይበልጣል። ነገር ግን ብርዱንና ሙቀቱን የሚወስነው በዋናነት ርቀቱ አይደለም። ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ወቅትን የሚለዋውጠው ምድር በ23.4 ዲግሪ ማዘንበሏ ነው። እኛ ለወገቧ ቅርብ ስለሆንን ዝንባሌው ብዙም አይጎዳንም። ለእኛ ወሳኙ ደመና ነው። በበጋ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቀዋለች፤ የሚይዝላት የለም። ለዚህ ነው ሲነጋ የሚቆረጥመን። ክረምት ላይ ደመናው ክዳን ሆኖ ሌሊቱን ያለዝበዋል፤ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይን ይከለክለናል።

የፀሐይ ብርሃን ጅማ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል። ብርሃን በሰከንድ 299,792 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በታኅሣሥ መጨረሻ ጊዜው ወደ 8 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዝቅ ይላል፤ በሰኔ መጨረሻ ወደ 8 ደቂቃ ከ27 ይወጣል።

ኅዳር ላይ ወደ አጋሮ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሄደ ሰው ከየቤቱ ደጅ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቀይ ቡና ያያል። ጠጋ ብለው እጅዎን ይስደዱበት። ላይ ያለው ፍሬ ሞቅ ብሎ ቆዳው መጨማደድ ጀምሯል፤ ከስር ያለው ገና ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። ሲያገላብጡት የስሩ ወደ ላይ ይወጣል። በዚያች ቅጽበት ፍሬው ላይ ያረፈው ብርሃን ከፀሐይ የተነሳው ከ8 ደቂቃ በፊት ነው። እርስዎ ቡናውን ለማገላበጥ ገና ከቤት ሳይወጡ እሱ መንገድ ጀምሮ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በፊት የነበረው ጉዞ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። ኃይሉ የሚፈጠረው በፀሐይ እምብርት ውስጥ ነው፤ ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል ነው። ከእምብርቱ እስከ ገጽዋ ያለው በጣም የታመቀ ስለሆነ ኃይሉ እየተጋጨ፣ እየተዋጠና እንደገና እየተለቀቀ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅበታል። ከገጽዋ ወዲያ ባዶ ጠፈር ነው። የመጨረሻዋን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚጨርሳት በ8 ደቂቃ ነው።

ፀሐይ ድንገት ብትጠፋ ወዲያው እናውቃለን?

አናውቅም። ለ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ስታበራ እናያታለን፤ ምድርም መዞሯን ትቀጥላለች። የስበት ለውጥም የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ነውና። ነሐሴ 2009 ላይ የሁለት ኒውትሮን ኮከቦች (እጅግ የታመቁ የሞቱ ከዋክብት ቅሪቶች) ግጭት የላከው የስበት ሞገድና ብርሃን ከ130 ሚሊዮን ዓመት ያህል ጉዞ በኋላ በ2 ሰከንድ ገደማ ልዩነት ደርሰውናል። ፀሐይ ግን ድንገት አትጠፋም። ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ 5 ቢሊዮን ያህል ይቀራታል።

በመኪና ወይም በአውሮፕላን ቢኬድ ስንት ዓመት ይፈጃል?

መንገድ ቢኖርና ሳይቆሙ ቢነዱ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር 170 ዓመት ያህል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር በሚበር አውሮፕላን 19 ዓመት። በእግር፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ 3,400 ዓመት ያልፋል። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ያንን መንገድ ከ427,000 ጊዜ በላይ መሄድ ማለት ነው። ልጆችን ማካፈል ለማለማመድ ጥሩ ስሌት ነው፤ ከዚያ በላይ ግን አይጠቅምም። አውሮፕላን አየር በሌለበት አይበርም፤ ከዚያም በላይ ወደ ፀሐይ ቀጥ ያለ መንገድ የለም።

እሺ፣ በሮኬትስ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ብዙ ሰው «ፀሐይ ስበቷ ኃይለኛ ስለሆነ ወደ እሷ መሄድ ቀላል ነው፤ ሮኬቱን መልቀቅ ብቻ ነው» ይለኛል። እውነታው ተቃራኒው ነው። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ለመድረስ ከሚያስቸግሩ ቦታዎች አንዷ ራሷ ፀሐይ ናት።

ምክንያቱ የእኛ ፍጥነት ነው። ምድር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እየተወረወረች ፀሐይን ትዞራለች፤ በሰዓት ሲሰላ 107,000 ኪሎ ሜትር ነው። ምድር ላይ ያለው ሁሉ፣ ሮኬቱም ጭምር፣ ይህን ፍጥነት ይዞ ነው የሚነሳው። አቅጣጫው ደግሞ ወደ ፀሐይ ሳይሆን ወደ ጎን ነው። ወደ ወሊሶ እየከነፈ ካለ አውቶቡስ መስኮት መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ዕቃ ለመወርወር ሞክረው ያውቃሉ? ፊት ለፊቱ ሲደርሱ ቢለቁት ዕቃው ከአውቶቡሱ ጋር እየተጓዘ ሰውየውን አልፎት ይሄዳል። ሰውየው ጋ እንዲወድቅ አውቶቡሱ በሚሄድበት ፍጥነት ወደ ኋላ መወርወር አለበት። ሮኬትም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ ላይ ለመውደቅ ከምድር የወረሰውን 30 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ከሞላ ጎደል ማጥፋት አለበት።

ይህን ከሌላ ጉዞ ጋር ያነጻጽሩት። ከሥርዓተ ፀሐይ ጨርሶ ለመውጣት ከምድር ፍጥነት ላይ በሰከንድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል መጨመር ይበቃል። ከፀሐይ ለዘላለም መራቅ ወደ ፀሐይ ከመቅረብ ይቀላል ማለት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ዝም የሚል ተማሪ የለም፤ ሁሉም «እንዴት?» ይላል። እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደጋግሜ አስልቼ ነው ያመንኩት።

ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ቢቻል ግን ጉዞው ረጅም አይደለም። ከምድር ርቀት ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር በፀሐይ ስበት ብቻ ሲወድቅ 65 ቀን ያህል ይፈጅበታል። በመጀመሪያ ቀስ ይላል፤ እየቀረበ ሲመጣ ይከንፋል። ያን ያህል ፍጥነት በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ሮኬት እስካሁን የለም። ስለዚህ መሐንዲሶች ፕላኔቶችን ይጠቀማሉ። መንኮራኩር በፕላኔት አጠገብ በትክክለኛው አቅጣጫ ስታልፍ ፕላኔቷ በስበቷ ትጎትታትና ከፍጥነቷ ላይ ትቀንስላታለች። ነዳጅ ይተርፋል፤ ጊዜ ግን ይሄዳል።

እስካሁን ፀሐይን በጣም የቀረበው ማነው? ስንት ጊዜስ ፈጀ?

የናሳዋ ፓርከር ሶላር ፕሮብ። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ከፍሎሪዳ ተመነጠቀች። ስሟን ያገኘችው ከፊዚክስ ሊቁ ዩጂን ፓርከር ነው። ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1958 ከፀሐይ ያለማቋረጥ የሚወጣ «ፀሐያዊ ነፋስ» አለ ብሎ ጻፈ። ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በኋላ መንኮራኩሮች ወጥተው ሲለኩ እውነት ሆኖ ተገኘ። ናሳ በሕይወት ባለ ሰው ስም መንኮራኩር ሲሰይም እሱ የመጀመሪያው ነው። በ91 ዓመቱ ማስወንጨፊያው ድረስ ሄዶ በስሙ የተጠራችውን መንኮራኩር ወደ ላይ ስትወጣ አይቷል። ያመነበትን ይዞ ለቆየ ሰው ይህ ይገባዋል እላለሁ።

አሁን ጊዜውን እንመልከት። ከተነሳች ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ጥቅምት 2011 ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀሐይን ተጠግታ አለፈች። ያኔ 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነበር የራቀቻት። ያም ቢሆን ሄሊዮስ 2 የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ1976 ይዛው የነበረውን የ43 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ክብረ ወሰን ሰብራለች። ከዚያ በየጊዜው በቬነስ አጠገብ እያለፈች መንገዷን አጠበበች። በአጠቃላይ ሰባት ጊዜ በቬነስ በኩል አልፋለች። ሚያዝያ 2013 ላይ የፀሐይ የላይኛው ከባቢ አየር፣ ኮሮና የሚባለው፣ ውስጥ ገባች። ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ደግሞ ከፀሐይ ገጽ 6.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ደረሰች። በሰዓት 692,000 ኪሎ ሜትር ትከንፍ ነበር። በዚያ ፍጥነት ከጅማ አዲስ አበባ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ከዚያ በፊት ሰው የሠራው ነገር በዚህ ፍጥነት ሄዶ አያውቅም።

ስለዚህ «ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ለሚለው የእኔ መልስ ይሄ ነው፦ ለመጀመሪያ ማለፍ ሦስት ወር፤ በእርግጥ ለመጠጋት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

ለምን አልቀለጠችም? ፊቷን የሚሸፍን ጋሻ አላት። ስፋቱ 2.4 ሜትር፣ ውፍረቱ 11 ሴንቲ ሜትር ከምናምን ነው፤ ከካርቦን የተሠራ ነው። የጋሻው ፊት ወደ 1,000 ዲግሪ ሲጠጋ ከጀርባው ያሉት መሣሪያዎች የክፍል ሙቀት ያህል ነው የሚሰማቸው። ኮሮና ራሱ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ነው፤ ግን በጣም ስስ ነው። መንኮራኩሯን የሚነኩት ቅንጣቶች ጥቂት ስለሆኑ ወደ እሷ የሚተላለፈው ሙቀት ዲግሪው እንደሚያስፈራራው አይደለም።

የህንዷ መንኮራኩር «ፀሐይ ጋ ደረሰች» ሲባል ሰምተናል። እውነት ነው?

አዲትያ ኤል 1 ጥሩ ሥራ እየሠራች ነው፤ የቆመችው ግን ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የመንገዱ አንድ መቶኛ ማለት ነው። የፀሐይና የምድር ስበት ተመጣጥኖ የሚገኝበት ቦታ ስለሆነ ፀሐይን ከዚያ ሆኖ ያለማቋረጥ ማየት ይቻላል። በነሐሴ 2015 ተነስታ በታኅሣሥ 2016 ነው የደረሰችው።

ሰው መሄድ ይችላል? ማታ ቢሄድስ አይቀዘቅዝም?

ሁለተኛውን የሚጠይቁኝ ትንንሽ ልጆች ናቸው፤ በቁም ነገር መመለስ አለበት። ማታ የሚሆነው ምድር ጀርባዋን ስለሰጠቻት እንጂ ፀሐይ ስለጠፋች አይደለም። ጅማ ሲመሽ ሌላ አገር ይነጋል። ፀሐይ ጋ ማታ የለም። ሰውን በተመለከተ፣ ገጽዋ 5,500 ዲግሪ ያህል ነው፤ የሚያርፉበት ጠጣር መሬትም የላትም። ከዚያ በፊት ደግሞ ጨረሩ አለ። ሰው እስካሁን የሄደው እስከ ጨረቃ ነው።

ይህን ሁሉ ርቀት ማን ለካው?

ሜትር ተዘርግቶ አይለካም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኬፕለር ፕላኔቶች በምን ያህል ተመጣጥነው እንደሚርቁ አወቀ። ቬነስ ከፀሐይ የምትርቀው የእኛን ርቀት 0.72 ያህል መሆኑ ታወቀ። የጎደለው አንዱን በኪሎ ሜትር መለካት ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ መንገድ ጠቆመ፦ ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከተለያዩ የዓለም ቦታዎች ሆኖ ሰዓቱን መመዝገብ። እሱ ሳያየው ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1761 እና በ1769 ዕድሉ ሲመጣ ብዙዎች መርከብ ተሳፈሩ።

ከእነሱ ውስጥ የፈረንሳዩ ለ ዣንቲ ታሪክ አንጀት ይበላል። ለመጀመሪያው ወደ ህንድ ሲሄድ ሊያርፍባት ያሰባት ከተማ በእንግሊዞች ተይዛ ስለቆየችው ዕለቱ ባሕር ላይ እያለ ደረሰበት። በሚወዛወዝ መርከብ ላይ ሆኖ መለካት አልቻለም። ለሁለተኛው ስምንት ዓመት እዚያው አካባቢ ጠበቀ። ቀኑ ደረሰ፤ ደመና ሸፈነው። አገሩ ሲመለስ ሞቷል ተብሎ ንብረቱ ተከፋፍሎ ጠበቀው። የእሱ ልፋት ባይሳካም የሌሎቹ ተደምሮ ከዛሬው ቁጥር በ1 ከመቶ ያህል ብቻ የሚለይ ውጤት አስገኘ። በመርከብና በዚያ ዘመን ሰዓት! እ.ኤ.አ. በ1961 ወደ ቬነስ የራዳር ሞገድ ተልኮ ሲመለስ ጊዜው ተለካና ክርክሩ አበቃ።

ጅማ ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትሆነው መቼ ነው? ያኔ ትቀርበናለች?

በዓመት ሁለት ጊዜ፤ ሚያዝያ 1 እና 2 አካባቢ፣ እንደገና ደግሞ ነሐሴ 27 እና 28 አካባቢ። ሰዓቱ እኩለ ቀን 6 ሰዓት ሳይሆን 6 ሰዓት ከ33 ገደማ ነው፤ ሰዓታችን የተስተካከለበት መስመር ከጅማ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ። ነሐሴው ደመናማ ነው፤ ሚያዝያው ይሻላል። ቀጥ ያለ እንጨት ሜዳ ላይ ትከሉና ጥላውን ተከታተሉ። ከ6 ሰዓት ጀምሮ እያጠረ ይሄዳል፤ በኋላ እንጨቱ ስር ይገባና ይጠፋል። ተማሪ ያለው ሰው ይህን ሳያሳይ ባይቀር ደስ ይለኛል፤ ወጪው አንድ እንጨት ነው።

ስለ መቅረቡ፦ እኩለ ቀን ላይ ከማለዳው ይልቅ 6,300 ኪሎ ሜትር ያህል እንቀርባታለን፤ ምድር ራሷ ዞራ ወደ ፊት ስለምታመጣን። ለብርሃን ግን ይህ የአንድ ሰከንድ ሁለት መቶኛ ብቻ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ መሆኗም ርቀቱ ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም።

ያን ያህል ከራቀች በዓይን ብናያትስ?

አይሞክሩት። ርቀቱ አያድንም። የዓይን ሌንስ ብርሃኑን ሰብስቦ ከኋላው ያለውን ስስ ሽፋን ያቃጥለዋል፤ ቦታው ሕመም ስለማይሰማው ሰውየው የሚያውቀው ዓይኑ ከደበዘዘ በኋላ ነው። የራጅ ፊልም፣ በጭስ የጠቆረ ጠርሙስ፣ ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። አይኤስኦ 12312-2 የሚል ምልክት ያለው የግርዶሽ መነጽር ይበቃል። እሱም ሳይቧጨርና ሳይቀደድ ሲሆን ነው።

መነጽር የሌለው ካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ ያብጅና ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ በቀዳዳው የሚያልፈውን ብርሃን ነጭ ወረቀት ላይ ይመልከት። በግርዶሽ ጊዜ የዛፍ ቅጠሎች ራሳቸው ይህን ይሠራሉ፤ የቡና ጥላ ዛፍ ስር መሬቱ በትንንሽ ማጭድ ቅርጾች ይሞላል። ቀጣዩ ዕድል ሐምሌ 26 ቀን 2019 ነው። ሙሉ ግርዶሹ የሚያልፈው በሰሜን አፍሪካና በአረብ አገሮች በኩል ነው፤ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። ክረምት ስለሆነ ደመናው ሊከለክል ይችላል። መነጽሩን ግን ቀደም ብሎ መፈለግ ነው፤ በሰኔ 2012ቱ ግርዶሽ የመጨረሻው ሳምንት ላይ የት ይገኛል ብሎ የጠየቀኝ ሰው ብዙ ነበር።